የሚጠቁም መሣሪያና የሚፈርድ ኅሊና

የሰው ልጅ የስሜት ሕዋሳቱን ድካም በጥበብ ለመርዳት ሲጥር ኖሯል። ለሩቁ መነጽርን፥ ለረቂቁ ማጉያን አበጀ። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 በቩርትስቡርግ ከተማ አዲሱን ጨረር ባገኘ ጊዜ ደግሞ ለዐይን ተዘግቶ የኖረው የሕያው ሰው ደረት ተከፈተለት። ነገር ግን ማየት ለብቻው ማወቅ አይሆንም፤ በማየትና በማወቅ መካከል ፍርድ አለ። ይህ ፍርድ የማን ነው? የሚለውን ጥያቄ ዛሬ በአንድ ምሳሌ እንመርምር።

በሳንባ ውስጥ የሚገኝ፥ ስፋቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ክብ ዕባጭ በደረት ራጅ ላይ ደብዘዝ ያለ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። የጎድን አጥንት፥ የደም ሥርና የልብ ጥላ ይጋርዱታል። ብዙ ጊዜ የዳነ ቁስል ጠባሳ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የካንሰር መነሻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃሮልድ ኩንደልና ባልደረቦቹ የራጅ አንባቢዎችን የዐይን እንቅስቃሴ በተከታተሉ ጊዜ፥ ሳይነገሩ ከታለፉት ዕባጮች ብዙዎቹ ዐይን ያረፈባቸው ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 24 የራጅ ሐኪሞች በሲቲ ስካን ምስል ላይ የሳንባ ዕባጭ እንዲፈልጉ ተደርጎ ነበር። ከአማካዩ ዕባጭ 48 ጊዜ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል በምስሉ ውስጥ ቢገባም 20ዎቹ ሳያስተውሉት አለፉ። እነዚህ ሰነፎች ወይም አላዋቂዎች አልነበሩም። አበው “ዐይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል” ይላሉ፤ ልብ ወደ ሌላ ነገር ባዘነበለ ጊዜ ዐይን ያየው ሁሉ ፍርድ ሳያገኝ ይቀራል።

ይህን ድካም ለመርዳት ኮምፒዩተር ተጠራ። ጊውሊም ሎድዊክ የሳንባ ካንሰርን የራጅ ምልክቶች ለኮምፒዩተር በሚስማማ ቁጥር የመተርጐምን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1963 አቀረበ። በ1980ዎቹ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንዱ ፊልም ሁለት ምስል የማውጣትን ዘዴ ፈለሰፉ፤ በአንዱ ምስል ክብ የሆነው ነገር ይጐላል፥ በሌላው ይደበዝዛል። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ለሁለቱም የጋራ የሆነው የአጥንትና የደም ሥር ጥላ በአብዛኛው ይጠፋል፤ የቀረው ነጥብ በመጠኑና በክብነቱ ይመረመራል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ ቀድሞ በሐኪሞች ከተነበቡ እጅግ ብዙ ፊልሞች ይማራሉ። ቢሆንም ይስታሉ። ሁለት የጎድን አጥንቶች የተሻገሩበትን ቦታ ዕባጭ ነው ሲሉ፥ ከልብ ጥላ ኋላ የተሸሸገውን እውነተኛ ዕባጭ ያልፉታል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መሣሪያው “ይህ ያጠራጥራል” ለማለት ወሰን ያስፈልገዋል። ወሰኑ ዝቅ ቢል ብዙ ጤነኞች ይጠቈማሉ፤ ይደነግጣሉ፥ ለሌላ ምርመራ ገንዘብ ያወጣሉ፥ አንዳንዶቹም ያለ ጥቅም ደረታቸው በመርፌ ይወጋል። ከፍ ቢል ደግሞ በጊዜ ሊደረስላቸው የሚገባ ሕሙማን በዝምታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ለአንድ ሕመምተኛ መዳን ስንት ጤነኛ ቢደነግጥ ይገባል? ይህን ሒሳብ ብቻውን አይፈታውም። ወሰኑን ያቆመው ሰው ነው፤ እንግዲያውስ ቁጥሩ የሒሳብ መልክ ቢይዝም ፍሬ ነገሩ የግብረ ገብ ውሳኔ ነው።

በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዐት ነበረ። አንድ ብላቴና የሚያደነዝዝ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ብላቴናው አያውቅምና አይጠየቅም፤ ዳኛውም እኔ አልጠቈምሁም ይላል። በዚህም ምክንያት ስሕተቱ ባለቤት የሌለው ስሕተት ይሆናል። ኮምፒዩተሩን ከብላቴናው ጋር ማስተካከል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ውጤታቸው በታወቀ ፊልሞች ይፈተናልና፥ ያገኘውና የሳተው ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ጥቈማውን ሳይመረምር የተቀበለ እንደሆነ፥ በሁለቱ መካከል ያው ባለቤት የሌለው ስሕተት ዳግመኛ ይወለዳል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እንጠንቀቅ፤ ትዕቢትንና ስንፍናን። ከእኔ ዐይን በላይ ላሣር የሚል ሐኪም ስለ ክብሩ ሲል የሌላውን ሕይወት ያስይዛል። መሣሪያው ዝም ብሏልና ንጹሕ ነው የሚለው ደግሞ የተሰጠውን አደራ ይጥላል። መልካሙ ሥርዐት ሐኪሙ አስቀድሞ ፊልሙን በራሱ ማንበቡ፥ ከዚያ በኋላ የመሣሪያውን ምልክት ማየቱ፥ በተጠቈመበት ቦታ ዳግመኛ መመርመሩ ነው። እርሱ ራሱ የተጠራጠረውንም መሣሪያው ስላልጠቈመ ብቻ አይተወው።

ግን ሐኪም በሌለበትስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለሳንባ ነቀርሳ ልየታ የሚነሣው የደረት ራጅ፥ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች፥ በሰው አንባቢ ፈንታ በኮምፒዩተር ሊነበብ እንደሚችል መክሯል። ይህ ደዌ ለከበደባት ለኢትዮጵያ ነገሩ ሩቅ አይደለም። አንባቢ አጥቶ ከተቀመጠ ፊልም ይልቅ በመሣሪያ የተነበበው ይሻላልና፥ በዚህ ስፍራ እምቢታ ጥንቃቄ ተብሎ ሊመሰገን አይገባውም። ነገር ግን ሐኪሙ ከስፍራው ሲርቅ ኃላፊነቱ አብሮ አይጠፋም፤ ወደ አስተዳዳሪው ይሸጋገራል። ወሰኑ ለአገሩ ሕዝብ ተስማሚ መሆኑን የሚፈትን፥ የተጠቈመው ሰው የአክታ ምርመራና መድኃኒት ማግኘቱን የሚከታተል፥ ስሕተት ሲገኝ ስሙን የሚሰጥ ሰው ሊኖር ይገባል።

መሣሪያው ዐይን ሊያውሰን ይችላል፤ ኅሊና ግን በውሰት አይገኝም። እንግዲህ ስለ ማንኛውም አዲስ መሣሪያ ስንመካከር “ምን ያህል ያያል?” ከሚለው ጥያቄ ጋር “ቢሳሳት በሕመምተኛው ፊት ቆሞ የሚመልስለት ማን ነው?” የሚለውን አስቀድመን እንጠይቅ።