ካልደፈረሰ አይጠራም

ማንኛውም የእጅ ጥበብ የሚለመደው አንድ ነገር በማበላሸት ነው። ሸክላ ሠሪ ጭቃ፣ ሸማኔ ክር፣ ሠዓሊ ሸራ፣ ጸሐፊም ወረቀት ሳያበላሽ ለሙያው የበቃበት ጊዜ የለም። ይህን እውነት ሁሉም ስለሚቀበለው ክርክር አያስነሣም። ክርክሩ የሚነሣው የሚበላሸው ነገር እህል የሆነ ዕለት ነው። የተበላሸ ጭቃ ተመልሶ ይቦካል፤ የተበላሸ እህል ግን ወደ ጎተራ አይመለስም። ስለዚህም መጥመቅ የምትማር አንዲት ጀማሪ ያጠፋችውን ጠላ ከነጋኑ አውጥታ በምትደፋበት ሰዓት አንድ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አብሮ ይወጣል፦ ጀማሪ የማበላሸት መብት አለውን? ካለውስ የእህሉን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው?

በበለጸጉት አገሮች ይህ ጥያቄ በገንዘብ ኃይል ቀልሎ ይታያል። በብሪታንያ በቤት ውስጥ ለራስ የሚሆን ቢራ ለመጥመቅ ያስፈልግ የነበረው ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1963 ከተሻረ፣ በአሜሪካም ይህንኑ የሚፈቅደው የፌዴራል ሕግ በ1978 ከተፈረመ ወዲህ፣ ለጀማሪ ጠማቂ የተሰናዳ ሣጥን በየሱቁ የሚገኝ ሸቀጥ ሆኗል። በሣጥኑ ውስጥ ከገብስ ብቅል ተጣርቶ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ በቆርቆሮ ታሽጎ፣ ደረቅ እርሾ በትንሽ ከረጢት ተቋጥሮ፣ መመሪያም ታትሞ ይገኛል። ጀማሪው ፈሳሹን በሙቅ ውሃና በስኳር ይበጠብጣል፤ ቀዝቀዝ ሲል እርሾውን ይነሰንስበታል፤ ከዚያም ክዳኑን ገጥሞ ይጠብቃል። ቢሳካለት ይደሰታል፤ ባይሳካለት ደፍቶ ሌላ ቆርቆሮ ይገዛል። ስሕተቱ ከኪሱ በቀር ማንንም አይነካም።

ይህ ዘዴ የሚናቅ አይደለም። ልክንና ንጽሕናን ያስተምራል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው ቢራን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ናቸውና፣ ዕቃውን አጥቦና አፍልቶ መጀመር የሙያው ግማሽ ነው። ይሁን እንጂ ቆርቆሮው አንድ ነገር ይሰውራል። እህሉን የዘፈዘፈው፣ ያበቀለው፣ ያደረቀውና የጨመቀው ሌላ ሰው ነው። ጀማሪው የሌላውን ድካም ውሃ ጨምሮበት የራሱ ያደርገዋል። መመሪያው «ይህን አድርግ» ይለዋል እንጂ «ስለ ምን» እንደሆነ ብዙም አይነግረውም። በዚህም ምክንያት ነገሩ ከመመሪያው ውጭ የወጣ ዕለት ጀማሪው የሚይዘውንና የሚጨብጠውን ያጣል።

ነገሩ ከመመሪያ ውጭ የሚወጣበት ቦታ ቢፈለግ ጋምቤላ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከተማዋ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኝ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 በተደረገው ውል መሠረት የንግድ ጣቢያ ሆና፣ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት ጀልባዎች ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና የሚጭኑባት ወደብ ነበረች፤ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሰውም በ1956 ነው። በበጋው ወራት መጨረሻ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ። የሣጥኑ መመሪያ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ይህን ቅዝቃዜ በጋምቤላ ጥላ ሥር መፈለግ ከንቱ ድካም ይሆናል።

በዚህች አገር መጥመቅ የሚጀምረው ከቆርቆሮ ሳይሆን ከእህሉ ነው። በወንዙ ዳርቻ የሚበቅለው ማሽላ ወይም በቆሎ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ ይሸፈናል፤ ቡቃያው ብቅ ሲል በፀሐይ ይደርቅና ይፈጫል። እህሉ በሚበቅልበት ጊዜ በውስጡ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች በኋላ ከሙቅ ውሃ ጋር ሲገናኙ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ስኳሩንም እርሾው ወደ አልኮል ይለውጠዋል። እዚህ ላይ ጀማሪ የማያውቀው አደጋ አለ። የማሽላ ቡቃያ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ውሕድ ስለሚይዝ፣ ብቅሉ በሚገባ ደርቆ ሥሩና ጭራው ታሽቶ መራገፍ ይኖርበታል። ባለሙያዋ ሴት የውሕዱን ስም ባታውቅም ማሸቱንና ማራገፉን አትዘነጋም። እጇ ያወቀውን ላቦራቶሪ ዘግይቶ ደረሰበት ማለት ይቻላል።

በምሳሌነት አንዲት ወጣት ትታሰብ። ወላጆቿ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሠፈራ ከወሎ ደጋ ወደ ጋምቤላ ከመጡት መካከል ናቸው። እናቷ ጠላ የምትጠምቀው በደጋው ልማድ ነው፤ ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ በጌሾና በብቅል ትጠነስሳለች፤ ቂጣውንና እንኩሮውን በየተራው ትጨምራለች፤ በየመካከሉም ቀናት ትቆጥራለች። ልጅቷ ይህን ቆጠራ በቃሏ አጥንታ፣ ብቅሉንና ጌሾውን ከገበያ ገዝታ ለብቻዋ ትጠነስሳለች። ቀኑን በትክክል ትቆጥራለች፤ ጠላው ግን ቀኑ ሳይሞላ ይኮመጥጣል። ያጠናችው ቁጥር ለደጋው ብርድ እውነት ነበር፤ በባሮ ዳር ሙቀት ግን እውነት አልነበረም። የታተመ መመሪያ ባትይዝም፣ ምክንያቱን ያልተረዳችው ልማድ ለእርሷ እንደ ታተመው መመሪያ ሆኖባታል።

ጎረቤቷ የሆነች አኙዋ ሴት በአንጻሩ ሙቀቱን አትታገለውም። እርሷ የምትጠምቀው ኮንጎ ወፍራምና መጠነኛ ኮምጣጣነት ያለው፣ ገና እየፈላ ሳለ በቶሎ የሚጠጣ ነው። ለደጋዋ ሴት ጥፋት የሆነው ኮምጣጣነት ለእርሷ የሙያው አካል ነው። ስለዚህ «ተበላሸ» የሚለው ፍርድ ራሱ ከቦታና ከዓላማ ተለይቶ የሚቆም አይደለም።

አሁን ወደ ዕዳው ጥያቄ መመለስ ይገባል። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ ረኀብን በዓይኑ ያየ ሕዝብ ባለበት አገር እህልን ለጀማሪ እጅ መስጠት ግፍ ነው፤ የሚችል ይጥመቅ፣ የማይችል ይመልከት። ይህ አነጋገር ከባድ ሚዛን አለው። ያቺ ወጣት የደፋችው ብቅል የአንድ ቤተሰብ የብዙ ቀን ገንፎ ይሆን ነበር። ከዚህም በላይ በዚህ አገር የሚጠመቀው መጠጥ ለመጠጥነቱ ብቻ አይደለም። ለአረም ወይም ለጎጆ ሥራ የተጠራ ጎረቤት የሚስተናገደው በእርሱ ነው፤ ማሰሮው ከተበላሸ የሥራው ቀን አብሮ ይበላሻል። የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ጎድፍሪ ሊንሃርት እ.ኤ.አ. በ1957ና በ1958 ስለ አኙዋ የመንደር አለቆች ባሳተመው ጥናት እንደሚታየው፣ የአለቃ ክብር በልግስናው የሚለካ ነበር፤ የሚያበላውና የሚያጠጣው ያጣ አለቃ አገም በሚባለው የመንደር ዐመፅ ከሥልጣኑ ሊወርድ ይችል ነበር። እንግዲህ ማሰሮ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ይመልሳል፦ ዛሬ የምትችለው ሁሉ ትናንት ያበላሸች ናት፤ «የሚችል ይጥመቅ» የሚለው ሕግ ቢጸና ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚችል አይገኝም። መመልከት ብቻውን አያስተምርም፤ የሚፈላ ጥንስስን ድምፅ በጆሮ፣ የብቅልን መድረቅ በጥርስ፣ የውሃን ሙቀት በክንድ መለየት የሚገኘው በመሥራት ነው። ካልደፈረሰ አይጠራም የሚለው የአገር አነጋገር ከጠላ ጋን የተወሰደ ባይሆንም ለጠላ ጋን ተስማሚ ነው።

ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል፤ የጎደላቸው ስሕተትን ከስሕተት መለየት ነው። ባለማወቅ የመጣ ስሕተት አለ፤ በቸልተኝነት የመጣ አለ፤ ተደብቆ ለሰው የቀረበም አለ። ወጣቷ ሙቀቱ ቀኑን እንደሚያሳጥረው ባለማወቋ አትወቀስም። ጋኑን ሳታጥብ ጠንስሳ ቢሆን ኖሮ ግን ትወቀስ ነበር። የተበላሸውን በስኳር አጣፍጣ፣ ወይም ሥሩ ያልተራገፈ ብቅል መሆኑን እያወቀች ለእንግዳ ብትቀዳ ደግሞ ስሕተቷ በደል ይሆናል። የጀማሪ መብት የሚያበቃው የሌላው ሰው ጽዋ ከሚጀምርበት ላይ ነው።

ቢሆንም አንድ እሾህ ይቀራል። በቤቱ ያለው አንድ ቁና እህል ብቻ የሆነ ድሀስ? ለእርሱ «ማበላሸት መብትህ ነው» ማለት ስላቅ ነው። ስለዚህ የጀማሪ መብት በድሀው ጎተራ ላይ የተጻፈ መብት ሊሆን አይችልም፤ የሚጻፈው ሙያውን በሚፈልገው ማኅበረሰብ ላይ ነው። ጠማቂን፣ ሸክላ ሠሪን፣ አስተማሪንና ከያኒን የሚፈልግ ኅብረተሰብ የሚጠፋበትን ጭቃና እህል አስቀድሞ ሊመድብ ይገባዋል። ይህ ማለት ትልቁን ጋን ለጀማሪ ማስረከብ አይደለም። በባለሙያዋ ጋን አጠገብ አንዲት ትንሽ ማሰሮ ማስቀመጥ፣ ከዋናው ብቅል ጥቂት እፍኝ መዝገን፣ ስሕተቱም ሲደርስ ምክንያቱን አብሮ መፈለግ ነው። ባለሙያዋ ዕዳዋን የምትከፍለው ያወቀችውን ባለመደበቅ ነው፤ ጀማሪዋ ደግሞ ያጠፋችውን ባለመደበቅ።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የሣጥኑ ስጦታና ጉድለት ግልጽ ይሆናል። ሣጥኑ ጀማሪውን ከውድቀት ያድነዋል፤ ከውድቀቱ ጋር ግን ጎረቤቱንም ያሳጣዋል። በጋምቤላ ያቺ ወጣት ውድቀቷን ይዛ ወደ አኙዋዋ ሴት ደጃፍ ብትሄድ፣ በአንድ ቀን ስለ ሙቀት የምታገኘው ትምህርት በመመሪያው ላይ አልተጻፈም። በትምህርት ቤትም ሆነ በሥዕል አዳራሽ ጥያቄው አንድ ነው፦ ተማሪው የሚሳሳትበት ትንሽ ማሰሮ ተሰጥቶታልን? ካልተሰጠው፣ ነገ በትልቁ ጋን ሲሳሳት ወቀሳው የእርሱ ብቻ ሊሆን አይገባም።