አቤት

ድሮ አንኮበር ላይ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ቆላ በሚወድቅበት ጠርዝ፣ አንድ ሰው ከእናቱ፣ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ያ አገር የበሮች አገር ነው። አንኮበር፣ ጣርማበር እየተባለ፣ ደጋው ወደ ቆላው ቁልቁል የሚከፈትበት ቦታ «በር» የሚል ስም ይዟል። በር አጠገብ የሚኖር ሰው ደግሞ ዓይኑ ከመንገድ አይነቀልም።

ከሰውየው ደጃፍ ጥቂት ራመድ ሲሉ ገደሉ አፍ ይደረሳል። ከዚያ ሥር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ አለ። በዚያ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች ጨውና ጨርቅ ጭነው አልዩ አምባ ገበያ ላይ ያራግፉ ነበር። ሲመሽ ያረፉበት ቦታ ሁሉ እሳት ይታያል።

አንድ ክፉ ዓመት መጣ። ወሬው ከገበያ ገበያ ይዘላል። አንዱ ጦር ተነሥቷል ይላል፣ ሌላው በሽታ ገብቷል ይላል። ሰውየው ማታ ማታ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ቆላ ውስጥ የሚነደውን እሳት መቁጠር ጀመረ። ትናንት አምስት የነበረው ዛሬ ሰባት ከሆነ ልቡ ድው ድው ይላል። የትኛው የነጋዴ፣ የትኛው የእረኛ፣ የትኛው የክፉ ሰው እንደሆነ ከዚያ ከፍታ መለየት አይችልም፤ ከሩቅ ሲያዩት እሳት ሁሉ አንድ ነው። ቢሆንም መቁጠሩን አልተወም። ቤቱን የሚጠብቅ መስሎታል።

መጀመሪያ ጥቂት ቆሞ ይመለስ ነበር፤ እየሰነበተ እስከ እኩለ ሌሊት ሆነ። በገደሉ ጫፍ ሣር ሲነጩ የዋሉት ጭላዳዎች ጀንበር ስታዘቀዝቅ ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው በአጠገቡ ያልፋሉ። ወደ ገደሉ ወርደው ዓለቱ ላይ ተጠጋግተው፣ አንዱ በሌላው ገላ ሞቆ ያድራል። እሱ ብቻውን ቆሞ ያመሻል።

ቤት ውስጥ እናቱ እሳት ትዳፍናለች። እሳት መዳፈን በደጋ ቤት ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፍሙ ወደ ምድጃው መሀል ይሰበሰባል፤ የኩበት ስባሪ ጣል ይደረግበታል፤ ከዚያ አመዱ በዝግታ ይነሰነስበታል። አመዱ ከበዛ ያፍነዋል፤ ካነሰ ራሱን በልቶ ያድራል። ልክ ሲሆን፣ ጠዋት ገለጥ ሲያደርጉት ቀይ ዓይኑን ይከፍታል። እናትየው ከመዳፈኗ በፊት በሩን ገፋ አድርጋ የልጇን ስም አንዴ ትጠራለች። ትንሽ ትጠብቃለች። መልስ ስታጣ ተመልሳ ትዳፍናለች። ሰውየው ሲገባ ምድጃው አመድ ለብሷል፣ ሰዉ ተኝቷል። ባናውን ቢከናነብም ብርዱ ከአጥንቱ አይወጣለትም።

አንድ ማታ ጉም ወረደ። የአንኮበርን ጉም ያየ ያውቀዋል፤ የዘረጉትን እጅ ይውጣል። የቆላው እሳት በሙሉ ጠፋ። ሰውየው ዛሬስ የሚታይ የለም ብሎ ዞር ሲል የገዛ ቤቱም የለም። አንድ እርምጃ አነሣ፤ ከእግሩ ሥር ድንጋይ ተንከባለለ፤ ሲያርፍ ድምፁ አልተሰማም። እግሩ ተሳሰረ፤ ባለበት ቁጢጥ አለ። የሚያየው ነገር በሌለበት በዚያ ሰዓት ስሙን ሰማ።

«አቤት!» አለ።

ድምፁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት። ስንት ወር ሙሉ ለማንም አቤት ብሎ አያውቅም ነበርና። እናቱ ደግማ ጠራችው፤ ደግሞ አቤት አለ። እሷ እየጠራች፣ እሱ እየመለሰ፣ መሬቱን በእጁ እየዳሰሰ ደጃፉ ላይ ደረሰ። ምድጃው ዳር ተቀምጦ እጁን ካሞቀ በኋላ፣

«እማዬ፣ መጥፋቴን በምን አወቅሽ?» አላት።

«አላወቅሁም ልጄ። እኔማ ሁልጊዜ ማታ እጠራሃለሁ፤ እሳቱን ልዳፍን ስል። ዛሬ ሰማኸኝ።»

ክፉው ነገር በዚህ ቀረ አልልም። የተፈራው መጣ። አንድ ሌሊት እሳቱ ቆላ መቀመጡን ትቶ በመንገዱ ሽቅብ ሲወጣ ታየ። ሰውየው ልጁን አዘለ፤ ሚስቱ ስንቅ ያዘች፤ እናቱ ፍሙን በገል አፍሳ አመድ አልብሳ አነሣች። ሌሊቱን ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ሲሄዱ ሰውየው ከኋላው ያለውን እሳት ዞሮ አልቆጠረም። በየጥቂቱ ቆም እያለ ስም ይጠራል፤ እናቱን፣ ሚስቱን፣ ልጁን። ከጨለማው ውስጥ አቤት ይሉታል፤ ልጁም ጀርባው ላይ በእንቅልፍ ልብ አቤት ይላል። ንጋት ሲቃረብ የማያውቁት ሰው በረት ውስጥ ከጥጆች ጋር አስጠጋቸው። ሰውየው ቤቱ ይቃጠል አይቃጠል ሳያውቅ ተኛ፤ በገዛ መደቡ ላይ ያጣውን እንቅልፍ በሰው በረት አገኘው።

ይህን ሰው አውቀዋለሁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ እኔም ገደል አፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሰውነቴ አዲስ አበባ ነው፤ ቤተሰቤ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት ደብረ ብርሃን ነው፤ የምቆጥረው እሳት ደግሞ ስልኬ ላይ የሚበራው ወሬ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘዋል፤ ሸዋ ሮቢት ተባለ፤ ቀጥሎ ደብረ ሲና ተባለ። ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ደጋግሜ አሰላ ነበር። እናቴ ማታ ማታ ትደውላለች። «እራት በላህ?» ትላለች። እኔ «የት ደረሱ ይባላል?» እላታለሁ። ከወሎ ሸሽተው የመጡ እንግዶች ሳሎኑ ውስጥ እንዳሳደረች፣ ባናው ለሁለት ሕፃናት እንደበቃ፣ አንደኛዋ ሕፃን ገብስ ቆሎ እንደወደደች ትነግረኛለች። ጆሮዬ ከእሷ ጋር ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ዓይኔ ሌላ እሳት ላይ ነበር።

ያ ጦርነት አለፈ፤ ሌላ መጣ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ጉሙ ወረደ። ጉሙ ደግ ነበር አልልም፤ ነጋዴው ሥራው ተስተጓጎለ፣ ተማሪው ከትምህርቱ ራቀ፣ ስንቱ የወንድሙን ደኅንነት ሳያውቅ ከረመ። ለእኔ ግን ከዚያ የሚመጣው ወሬ ሁሉ ጠፍቶ፣ መስመሩ በሠራ ማታ የሚደርሰኝ የእናቴ ድምፅ ብቻ ሆነ። እራት በላህ የሚለውን ጥያቄ ያን ጊዜ ሰማሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠይቀኝ የኖረችው ጥያቄ ነው። «በላሁ እማዬ፣ ሽሮ ነው የበላሁት» አልኳት፤ «ብቻህን?» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስንት ደቂቃ እንዳወራን አላውቅም። ያን ሌሊት ተኛሁ። አገሩ ግን ትናንት እንደነበረው ነበር።

ስለ ዘመድና ስለ ቤት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። የሚጠራው ሰው የሌለው፣ የሚፈራለትም ሰው የለውም። እናት ባትኖረኝ ኖሮ የደብረ ሲናን መንገድ በሰዓት ባላሰላሁ ነበር። ሰላሜም ስጋቴም በአንድ በር የሚገቡ ናቸው፤ ስጋቱን ፈርቼ በሩን የዘጋሁ ቀን ሰላሙንም ውጭ አሳድረዋለሁ። ስለዚህ የምወዳቸው ሰዎች ፍርሃቴን አላነሡልኝም። ያደረጉልኝ ነገር ሌላ ነው፤ ከፍርሃቴ ጋር ብቻዬን አልተዉኝም።

አቤት የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ አለው። የተበደለ ሰው ወደ ዳኛ፣ ወደ ሹም ደጅ የሚጮኸው አቤት አለ፤ ስሙ የተጠራ ሰው የሚመልሰው አቤት አለ። በእነዚህ ዓመታት ሰዉ የመጀመሪያውን እስኪደክመው ብሏል፤ ሊተወውም አይገባም፤ ደጁ እስኪከፈት ድረስ መባል አለበት። ቤተሰብ የፍትሕን ቦታ ይሸፍናል የሚለኝ ሰው ቢኖር አልቀበለውም። ዳሩ ግን ያንን አቤት እያለ የሚውል ሰው፣ ሲመሽ ሁለተኛውን የሚልለት ሰው ከሌለው ጉልበቱ ከወዴት ይመጣል?

ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ዓመታት ባስቆጠሩበት፣ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ መጠለያ አንድ የታኅሣሥ ማታ ነበርኩ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ወር ውርጩ ሌሊት የሸራውን ጣሪያ ያነጣዋል። በአንዱ ሸራ ደጃፍ አንዲት እናት ከሦስት ጉልቻ ሥር የቀረውን ፍም በእንጨት ስትሰበስብ አየሁ። ቀና ብላ ስም መጥራት ጀመረች። አንዱ አቤት አለ፤ መጣ። ሁለተኛዋ አቤት አለች፤ መጣች። ሦስተኛው የእሷ ልጅ እንዳልሆነ፣ እናቱ እንደሌለች፣ አጠገቤ የቆመው ሰው በሹክሹክታ ነገረኝ። ጠራችው። ዝም አለ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደግማ ጠራችው። ከሸራዎቹ ኋላ፣ ከጨዋታው መሀል፣ በቀጭን ድምፅ «አቤት!» ሲል ተሰማ።

እየሮጠ ደርሶ እግሩን ወደ ፍሙ እስኪያስጠጋ ጠበቀችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አመዱን መነስነስ ጀመረች።