የበረኛው ፋኖስ

አንድ ፊታውራሪ ነበሩ፤ ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ የሚኖሩ። ወደ አምባው የሚያስወጣው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ከግርጌው በር አለው። ከበሩ እስከ ግቢው ያለው ዳገት በቀን እንኳ ድንጋይ እየጨበጡ የሚወጡት ነው፤ በሌሊት ያለ መብራት የደፈረው ሰው አይመለስም። ስለዚህ በረኛው ፋኖስ ተሰጥቶታል። ላምባው ግን ከሩቅ ገበያ በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣ ስለሆነ እመቤቲቱ እየሰፈሩ ነው የሚሰጡት፦ ለአንድ ሌሊት አንድ ጠርሙስ። ጠርሙሱ ካለቀ እስኪነጋ ሌላ የለም።

በረኛው የሚያድረው ከላይ፣ ግቢው አፍ ላይ ባለች ጎጆ ነው። መልእክተኛ ሲመጣ ፋኖሱን አብርቶ ይወርዳል፣ በሩን ከፍቶ ወረቀቱን ይቀበላል። ከዚያ ግን ወዲያው አይመለስም። “ማን ያውቃል፣ ከኋላው ሌላ ይኖር ይሆናል” ብሎ ፋኖሱን እንዳበራ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ውዳሴ ማርያም ይደግማል። ደግሞ ሲጨርስ ነው ዳገቱን የሚወጣው። ልማዱ የስንፍና አልነበረም። አንድ ጊዜ ወረቀት ተቀብሎ ገና ጎጆው እንደደረሰ ሌላ ሰው በሩን አንኳኩቶበት፣ ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ወርዶ ጉልበቱን ሲያሽ ሰንብቷል። ከዚያ ወዲህ መጠበቅ ይሻላል አለ።

በዚያ ዓመት ፊታውራሪው የርስት ሙግት ነበረባቸው። ጉዳዩ የሚታየው ዋናው ከተማ ስለሆነ ነገረ ፈጃቸው የሚልክላቸውን ወረቀት ሌት ተቀን ይጠባበቃሉ። ማታ ራታቸውን በልተው ይጠሩታል።

“አንተ፣ እስኪ ውረድና እይ፤ ሰው መጥቶ ይሆናል።”

“እሺ ጌታዬ።”

ወርዶ ያያል፤ የለም። ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ ይደግማል፣ ይወጣል። ገና ሲደርስ እመቤቲቱ ይጠሩታል። ሩቅ አገር የዳሯት ልጃቸው መውለጃዋ ደርሷል፤ እርሳቸውም ውረድና እይ ይሉታል። ከእርሳቸው ቀጥሎ ወንድማቸው ጨው ነጋዴው ይነሣል፤ የአሞሌ ዋጋ ወጣ ወይስ ወረደ የሚለው እንቅልፍ ነሥቶታል። ጎረምሳው ልጅ ደግሞ ሁሉም ከተኙ በኋላ ተደብቆ ይመጣል፤ ምን ወረቀት እንደሚጠብቅ አይናገርም፣ “አባባ፣ ለኔ የመጣ ነገር የለም?” ብቻ ነው የሚለው። አንዱ ሌላው ማዘዙን አያውቅም። በረኛውም ትእዛዝ ነውና “አሁን ከዚያ መመለሴ ነው” አይልም። ሲወርድ ያድራል። ብዙውን ጊዜ በሩ ላይ የሚያገኘው ከቁጥቋጦው የሚያበራ የጅብ ዓይን ብቻ ነው።

አንድ ሌሊት እንደዚህ ሲመላለስ ዶሮ ሳይጮህ ላምባው አለቀ። ያን ሌሊት ከበሩ የተገኘው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እሱም ለነጋዴው የመጣ፣ የአሞሌ ዋጋ እንዳለ ነው የሚል። ፋኖሱ ከጠፋ በኋላ ነው የነገረ ፈጁ መልእክተኛ የደረሰው። ቢያንኳኳ፣ ቢጣራ የሚወርድለት አጣ። እስኪነጋ በር ላይ ቆይቶ ወረቀቱን ሲሰጥ፣ ፊታውራሪው ለቀጠሮው በሌሊት መነሣት እንደነበረባቸው አነበቡ። ቀጠሮው አለፈ።

በረኛው ተጠርቶ ቆመ። “ላምባውን ምን አደረግኸው? ጠጣኸው?” አሉት።

“ጌታዬ፣ የጠጣው ዳገቱ ነው። ትናንት ማታ አንዲት ወረቀት ነው ያመጣሁት፤ ላምባው ያለቀው የሌለ ወረቀት ሳይ ነው።”

ፊታውራሪው ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ እመቤቲቱ ቀደሙ። “እሱ ምን ያድርግ፤ የላክነው እኛ ነን” አሉና ከጎጆው እስከ በሩ ገመድ አስዘረጉ። በጎጆው በኩል ቃጭል ታሰረ፣ ከታች አንድ የእረኛ ልጅ እንዲያድር ተደረገ። ሰው ሲመጣ ልጁ ገመዱን ይስባል፣ ቃጭሉ ይጮሃል፣ ያኔ ብቻ በረኛው ይነሣል። አንድ ነገር ግን አለ፦ ገመዱ እሾህ ላይ ተጠላልፎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በረኛው አልፎ አልፎ በጨለማው ሳብ ያደርገዋል፣ ልጁም ከታች ሳብ አድርጎ ይመልስለታል። ፋኖስ ሳይበራ፣ ሁለቱም ግማሽ ተኝተው። በመጀመሪያው ሳምንት ከጠርሙሱ እኩሌታው እየተረፈ አደረ።

ደስታው አልቆየም። ነጋዴው “የኔ ወረቀት ለብቻው ገመድ ይኑረው” አለ። ፊታውራሪውም የርስት ነገር ከጨው ነገር ጋር በአንድ ገመድ መምጣቱ ክብራቸውን ነካባቸው። ጎረምሳውም በበኩሉ ምስጢር ይጠበቅልኝ አለ። ገመዱ አራት፣ ቃጭሉ አራት ሆነ። በረኛው አራቱንም እየተነሣ ሳብ ማድረግ ስላለበት ዓይኑን ሳይከድን ይነጋ ጀመር። አንድ ጠዋት እመቤቲቱ ማጭድ ይዘው ወጥተው ሦስቱን ቆረጧቸው። “በሩ አንድ ነው፤ ገመድም አንድ ይበቃዋል” አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

ከዚያ የባሰው መጣ። የገመዱ ወሬ በአገር ተሰማ። ድሮ ዳገቱን ፈርቶ እስኪነጋ የሚቀመጠው ሁሉ አሁን ገመድ ይስባል። የሸክላ ሻጭ መጥቶ እንስራ ትገዛላችሁ ወይ ይላል። የማኅበር ጽዋ የዛሬ ሦስት ሳምንት እንደሆነ ሊያስታውስ የመጣ አለ። አንዱማ ለነጋዴው ሰላምታ ብቻ ይዞ ነው ቃጭሉን ያስጮኸው። በረኛው ለሁሉም ያበራል፣ ይወርዳል፣ ይቀመጣል፣ ይደግማል። የነሐሴ ጉም አምባውን ሲሸፍነው ደግሞ አንድ እርምጃ ለማየት ክሩን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነበትና ላምባው በእጥፍ ይነድ ጀመር። በውድቅት ጠርሙሱ ባዶ።

በረኛው ራት ላይ ገብቶ እጅ ነሣ።

“ጌታዬ፣ እመቤቴ፤ ገመዱን እወደዋለሁ። ግን ማን ሲስበው እንደምነሣ ይንገሩኝ። ለሌላው ከበሩ ሥር ቅርጫት ላስቀምጥና የተጠራቀመውን በሌሊት ሁለቴ ወርጄ ላምጣ።”

ነገሩ ቀላል መስሎ ነበር፤ ግን ራቱ እስኪቀዘቅዝ አከራከራቸው። ነገረ ፈጁና የልጃቸው መልእክተኛ ገመድ እንዲስቡ ሁሉም ተስማማ። ነጋዴው ግን የእኔ ሁሉም አስቸኳይ ነው አለ። እመቤቲቱ ዘወር ብለው፣ “ወንድሜ፣ የአሞሌ ዋጋ በሌሊት ቢነገርህ በሌሊት ትሸጣለህ?” አሉት። ዝም አለ። ጎረምሳው ደግሞ ወረቀቱ ቅርጫት ውስጥ ገብቶ ሰው እጅ እንዳይገባ ፈርቶ፣ “ለኔ ማንም አይውረድ፤ ስፈልግ ራሴ ወርጄ አያለሁ” አለ። ያን ሌሊት ላምባው ተረፈ። ፊታውራሪው ብቻ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው በመስኮት በኩል፣ “አንተ፣ ቃጭሉ ይሠራል?” ብለው ጠየቁ።

“ይሠራል ጌታዬ። ይተኙ።”

በዚህ ተረት ላምባው የስልካችን ባትሪ፣ ወረቀቱ ኢሜይል ነው፤ ፋኖሱ ደግሞ ስልካችን ውስጥ ያለው ራዲዮ ነው፤ ከኔትወርክ ማማው ጋር የሚነጋገረው ክፍል። ብዙ ሰው በኢሜይል በኩል ባትሪ የሚበላው የደብዳቤው መጠን ይመስለዋል፦ ፎቶ የተያያዘበት ይበላል፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ አይበላም። በሞባይል ዳታ ላይ ግን ትልቁ ወጪ መነሣቱና መጠበቁ ነው። ራዲዮው ነቅቶ ሁለቱን መስመር ካመጣ በኋላ ወዲያው አይተኛም፤ ሌላ ይመጣ ይሆናል ብሎ ከፍ ባለ ኃይል ላይ እንዳለ ለ10 ሰከንድ ያህል ይቆያል። በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአምኸርስት የሚገኘው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ3ጂ ስልኮች ላይ ለክተው፣ ለአንድ የተለመደ የመረጃ ዝውውር ከሚወጣው ኃይል 60 በመቶ የሚጠጋው የሚባክነው መረጃው አልፎ ካለቀ በኋላ በዚህ ቆይታ መሆኑን አሳይተዋል። 4ጂም ሲመጣ ቆይታው አብሮት መጣ።

እንግዲህ አንድ አካውንት በየ15 ደቂቃው አዲስ ደብዳቤ እንዲፈልግ ከታዘዘ በቀን 96 ጊዜ ይጠይቃል፤ ደብዳቤ ኖረም አልኖረም። አካውንቱ ሦስት ሆኖ እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት ከተነሣ ሂሳቡን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ፑሽ የሚባለው ገመዱ ነው። በ1997 የወጣው አይማፕ አይድል የተባለው ደንብ የኢሜይል ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር መስመር ከፍቶ ዝም ብሎ እንዲጠብቅ ፈቀደ፤ መስመሩ እንዳይዘጋበት ግን ቢያንስ በየ29 ደቂቃው ማደስ አለበት። በ1999 ከካናዳ የወጣችው የመጀመሪያዋ ብላክቤሪ ኢሜይል እየተገፋላት የምትሠራው በአንዲት ተራ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ስማርትፎን ሲመጣና እያንዳንዱ አፕ የራሱን መስመር ልክፈት ሲል ነው ነገሩ የተበላሸው። አፕል በ2009፣ ጉግል በ2010 መስመሩን አንድ አደረጉት፤ ዛሬ የአንድ ስልክ አፖች ማሳወቂያ በአብዛኛው በዚያ በአንዱ በኩል ነው የሚገባው።

ስለዚህ “ፑሽ ባትሪ ይጨርሳል፣ አጥፋው” የሚለው የሞባይል ቤት ምክር በግማሹ ብቻ ትክክል ነው። በቀን 10 ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው ፑሹን አጥፍቶ በየ15 ደቂቃው ፈልግ ቢል ይባስ ይከስራል። 300 የሚደርሰውን ደግሞ ፑሹ ራሱ ነው የሚያስጨርሰው፤ እያንዳንዱ ማሳወቂያ ራዲዮውን ብቻ ሳይሆን ስክሪኑንም ሊያበራበት ይችላልና። ስክሪን ደግሞ ከሁሉም በላተኛ ነው፤ በእኔ ግምት ኢሜይል አጠፋ ከሚባለው ባትሪ ብዙው የሚጠፋው፣ ለአንዲት የቅናሽ ማስታወቂያ ስልካችንን አንሥተን ለሌላ ነገር ስንቆይ ነው።

ቅርጫቱም አለ። አንድሮይድ 6.0 በ2015 ሲወጣ፣ ቻርጅ ላይ ያልሆነና ሳይነካ የተቀመጠ ስልክ የጀርባ ሥራውን እየሰበሰበ በተወሰነ ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ተደረገ፤ ሰዓቱም ስልኩ ሳይነካ በቆየ ቁጥር እየራቀ ይሄዳል። አስቸኳይ የተባለው መልእክት ግን ሳይጠብቅ ያልፋል። ጉድለቱ፣ አስቸኳይ የሚለውን ምልክት የሚለጥፈው ላኪው ወገን መሆኑ ነው፤ የትኛው ሱቅ ነው የእኔ አይቸኩልም የሚለው? በዚህ ምልክት ብቻ ስልኩ የልጅዎን ደብዳቤ ከሱቁ ሊለይልዎ አይችልም።

ጉሙ ደግሞ የደከመ ኔትወርክ ነው፤ ያን ጊዜ ስልኩ ማማው እንዲሰማው የማሰራጫ ኃይሉን ከፍ ያደርጋል፤ አልሳካ ሲለውም ይደጋግማል። ምድር ቤት ቢሮ ውስጥ ወይም ገጠር መንገድ ላይ ሲኮን ባትሪው ምንም ሳይነካ የሚወርደው በዚህ ነው። ዋይፋይ ካለ በዚያ መቀበል ይቀላል። የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ስልኩ ላይ ያልታደሰ አካውንትም እየተመለሰ ሊያንኳኳ ይችላል፤ ብዙ ሰው ከጀርባ እንዳለ እንኳ ይረሳዋል። የተከፈቱ አፖችን በጣት እየጠረጉ መዝጋት ግን ለዚህ ሁሉ አይረዳም፤ አፑ እንደገና ሲከፈት ከዜሮ ስለሚጀምር ጭራሽ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል።

ማስተካከያው በየአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ነው። በአይፎን የሜይል አፕ ላይ “ፌች ኒው ዳታ” በሚለው ሥር ለየአካውንቱ ፑሽ፣ ፌች (በየተወሰነ ጊዜ መፈለግ) ወይም ማኑዋል (አፑ ሲከፈት ብቻ) መምረጥ ይቻላል። የጂሜይል አካውንት በዚህ የአፕል አፕ ውስጥ ፑሽ የለውም፣ በፌች ብቻ ነው የሚሠራው፤ ደብዳቤው እንደደረሰ ማወቅ የሚፈልግ የጉግልን የራሱን አፕ መጫን አለበት። በአንድሮይድ በኩል ሲንክን ለየአካውንቱ ማጥፋት፣ በጂሜይል አፕ ውስጥም ማሳወቂያው ለአስፈላጊ ደብዳቤ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። እኔ ብጠየቅ የመሥሪያ ቤቱን አካውንት ፑሽ ላይ እተወዋለሁ፣ የግሉን በየሰዓቱ አደርገዋለሁ፤ ሱቁ ሁሉ የሚጽፍበትን ያን አሮጌ አድራሻ ደግሞ ማኑዋል ላይ።