ቅጠሉ የረገፈ ተክልና የማይሰጥ እጅ

 

በቅርቡ አንድ ወጣት እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራ የለኝም። መስጂድ ውስጥ የሶደቃ ሳጥን ሲዞር አንገቴን እደፋለሁ። የማይሰጥ ሰው ምን ይጠቅማል?» ምናልባት ይህ ያንተም፣ ያንቺም ጥያቄ ይሆናል።

እስቲ ስለ አንድ ተክል ላውጋችሁ። የትውልድ ስፍራው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያሉት የሰለሞን ደሴቶች ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር ለጌጥ ይተከላል። የኛዎቹ መቅመቆና እምቧጮ ዘመዶቹ ናቸው። ቅጠሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ቶሎም ይረግፋሉ። ቅጠል ደግሞ ለተክል ማዕድ ቤቱ ነው። ታዲያ ይህ ተክል በምን ይኖራል? ሱብሓነላህ! ግንዱ ራሱ እንደ ሪባን ጠፍጣፋና አረንጓዴ ሆኖ ተፈጥሯል። ብርሃን ተቀብሎ ምግብ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። አበባውም ከግንዱ መገጣጠሚያዎች ላይ ይወጣል።

ሰው ግን መልኩን አይቶ «የኮሶ ትል ተክል» ብሎታል። እኛስ «ሥራ ፈት» እያልን ስንቱን በጎደለው ነገር ጠራነው?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእያንዳንዱ ሙስሊም ላይ ሶደቃ እንዳለበት ሲናገሩ፣ ሶሓቦች የሌለውስ ሰው ብለው ጠየቁ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ እንዲህ ያለው ሰው በእጁ ሠርቶ ራሱን ይጠቅማል፣ ይሰጣልም። ይህን ካልቻለ የተቸገረን ያግዛል። ይህንንም ካልቻለ በመልካም ያዛል። ሁሉም ካቃተው ክፉ ከመሥራት ይታቀባል፤ እሱም ሶደቃ ሆኖ ይጻፍለታል።

ልብ በሉ፤ የትኛውም ደረጃ ላይ «አንተን አይመለከትህም» አልተባለም። አንዳንዴ «ግድ የለም፣ አንተ ተወው» ስንለው ያዘንንለት ይመስለናል። እሱ ግን የሚሰማው «አታስፈልገንም» የሚለው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ድሃውን ከሰጪዎች ሰፍ አላስወጡትም። ግዴታው ራሱ ክብር ነው።

ይህ ግን የስንፍና ፈቃድ አይደለም። ወደ ላይኛው ደረጃ መውጣት የሚችል ሰው ታች መቀመጥ የለበትም። ያ ተክልም ቢረግፍበት እንኳ ቅጠል ማውጣቱን አልተወም። አንተም ሥራ መፈለግህን አትተው፤ እስክታገኝ ድረስ ግን ባለህ ነገር ስጥ። ጎረቤትህ ያሉትን አዛውንት ደግፈህ ወደ መስጂድ አምጣቸው። ለሰፈር ልጅ ትምህርቱን አስረዳው። ምላስህን ከሐሜት ያዝ።

አላህ የሰጣችሁ ደግሞ፣ ሳጥኑ ሲዞር አንገቱን የደፋውን ወንድም አትዩት። ከሶላት በኋላ ግን ፈልጉት፤ የምታግዙትን ብቻ ሳይሆን የሚያግዛችሁንም ነገር ጠይቁት።

አላህ ባለን የምንሰጥ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።