ስፔሻሊቲ መቀየር ውል ማፍረስ ነው?



የሁለተኛ ዓመት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነህ እንበል። ልብህ ግን ወደ ሕፃናት ሕክምና ሄዷል። «ሁለት ዓመት አቃጥዬ?» ትላለህ።

ኢማም አል-ገዛሊ በ488 ሒጅራ በባግዳዱ ኒዛሚያ ማስተማራቸውን የተዉት ኒያቸውን መርምረው ነው፤ ከዝና ፍላጎት ያልጸዳ ሆኖ አገኙት። ሲሄዱ ግን ለልጆቻቸው የሚበቃቸውን አስቀምጠው ነው። ከዓመታት በኋላም ወደ ማስተማር ተመልሰዋል።

አንተም ራስህን ጠይቅ፦ የምሸሸው ከዲዩቲ ድካም ነው ወይስ ይበልጥ የምጠቅምበትን እየፈለግኩ ነው? ድካም ከሆነ አዲሱም ክፍል ዲዩቲ አለው።

ቀጥሎ አማናው አለ። ዛሬ ከአንዋር መስጂድ ሰግደህ ስትወጣ መርካቶን ተመልከት። ከሸማ ተራ ወደ ሌላ ተራ የተዛወረን ነጋዴ ማንም አይወቅሰውም፤ የሚወቀሰው ዱቤውን ሳይከፍል ሱቁን የዘጋው ነው። አንተም ስፖንሰር ካደረገህ ተቋም ጋር ውል፣ ተራህን የሚሸፍን ጓደኛ፣ ቁስሉ ያልዳነ በሽተኛ አለህ። ቀድመህ ንገራቸው፤ በሥርዓት አስረክብ፤ ያለብህን ክፈል።

አዋቂ አማክር፤ ኢስቲኻራም ስገድ። ኢስቲኻራ ህልም መጠበቅ አይደለም፤ ኸይሩን አላህን ጠይቆ እርምጃ መጀመር ነው። ያለፉት ሁለት ዓመታትም፣ ኒያህ ለአላህ ከነበረ፣ አልባከኑም።

አላህ ኸይሩን ይምረጥልን። አሚን። ጁመዐ ሙባረክ!