የእናትህ ስኳር ድንገት ከፍ ሲል

ልጄ፣ ሰንብቶ 150 እና 160 ላይ ሲመላለስ የነበረው የእናትህ ስኳር ዛሬ ጠዋት 380 ሲሆን መደንገጥህ አይፈረድብህም። ከአፍህ መጀመሪያ የሚወጣውንም አውቀዋለሁ፤ «እማዬ፣ ደግሞ ምን በላሽ?» ነው። በስኳር ክትትል ክፍል በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ይህን ጥያቄ ከብዙ ልጆች አፍ ሰምቻለሁ፤ እናቶቻቸው አንገታቸውን ሲደፉም አይቻለሁ። እባክህ ይህን ጥያቄ ለጊዜው ዋጠው። የተቆጧቸው ወላጅ በሚቀጥለው ቀን መለካት ይተዋሉ፤ ቢለኩም 300ውን 200 ብለው ይነግሩሃል። ያን ጊዜ አንተም ሐኪሙም የምትመሩት በሐሰት ቁጥር ነው።

ድንገት የወጣ ስኳር እንደ ትኩሳት ነው። ከበስተኋላው የሆነ ነገር እንዳለ ይነግርሃል፤ ምን እንደሆነ ግን ፈልገህ ማግኘት ያለብህ አንተ ነህ። ምግብ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው፤ ልጆች ግን ከእሱ አልፈው ሲጠይቁ የማየው ከስንት አንዴ ነው።

አስቀድመህ ቁጥሩ እውነት መሆኑን አረጋግጥ። ማንጎ ወይም ብርቱካን የላጠ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ፣ በቆዳው ላይ የቀረው የፍሬው ስኳር ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ቁጥሩን ያንረዋል። እጃቸውን በውኃና በሳሙና ታጥበው፣ በደንብ አድርቀው እንደገና ይለኩ። የመለኪያው ስትሪፕ ጊዜው ካለፈበት ወይም ክዳኑ ተከፍቶ ከከረመ አትመነው። መለኪያው ለንደን ካለች እህትህ የመጣ ከሆነ ደግሞ የሚያሳየው በሌላ አለካክ ሊሆን ይችላል። እዚያ 21 የሚለው እኛ አገር በለመድነው 380 ገደማ ነው፤ በ18 ታባዛዋለህ። ይህን የማያውቅ ሰው 21ን አይቶ «ስኳሯ ወርዷል» በማለት ለስላሳ ሊያጠጣቸው ይችላል።

ቁጥሩ እውነት ከሆነ ቀጥሎ የምትፈልገው ሕመም ነው። ሰውነት ሲታመም ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉትን ሆርሞኖች አብዝቶ ያመነጫል። እነሱም ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉ፤ ኢንሱሊንም እንደ ወትሮው እንዳይሠራ ያዳክሙታል። እራት ሳይበሉ ያደሩ እናት ጠዋት 350 የሚሆኑት በዚህ መንገድ ነው፤ «ምንም አልበላሁም» ሲሉህም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሽንታቸውን ያቃጥላቸው እንደሆነ ጠይቅ። ሳል፣ የጥርስ ሕመም፣ ትኩሳት ካለ ጠይቅ። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የቲቢ ምርመራ ይደረግላቸው፤ ስኳር ያለበት ሰው ለቲቢ ይበልጥ ይጋለጣል። ካልሲያቸውን አውልቀህ በጣቶቻቸው መሃልና ተረከዛቸው ሥር ተመልከት። «አያመኝም» ማለታቸው አያሳርፍህ፤ ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ ሚስማር ገብቶባቸው እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ልብንም አትርሳ። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው ልቡን ሲያመው ደረቱን ላይሰማው ይችላል። ድንገተኛ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ይመጣል። እነዚህን ካየህ ስለ ስኳሩ መጨነቁን ትተህ ወደ ሆስፒታል ውሰዳቸው።

በቅርቡ የተሰጣቸው አዲስ መድኃኒት ካለም ጠይቅ። ጉልበታቸውን አሟቸው አንዱ ክሊኒክ ሄደው መርፌ ተወግተው ይሆናል። ለአስም ወይም ለአለርጂ ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ታዞላቸው ይሆናል። እነዚህ መድኃኒቶች ስኳርን በእጅጉ ከፍ ያደርጋሉ፤ ጉልበት ላይ የተወጋው እንኳ ለቀናት ሊያናውጠው ይችላል። መድኃኒቱ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የጀመሩትንም በራስህ ፈቃድ አታስቁማቸው። የስኳር ሐኪማቸው ግን ማወቅ አለበት።

ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ወስደህ ቁጭ በል፤ እኔ ብዙ ምስጢር ሲፈታ ያየሁት እዚህ ነው። ሲወጉ አጠገባቸው ሆነህ ተመልከት። ዓይናቸው ደክሞ የመርፌው መስመሮች አይታዩዋቸው ይሆናል፤ 20 ቀዳሁ ብለው 12 ይወጋሉ፤ የቀረው አየር ነው። ደፍራሹን ኢንሱሊን ከመቅዳታቸው በፊት በሁለት መዳፋቸው መሃል በቀስታ ያንከባልሉታል ወይ? ሳይደባለቅ የተቀዳ እንደሆነ አንድ ቀን ቀጭን፣ አንድ ቀን ወፍራም ይሆንባቸዋል። የሚወጉበትን ሆዳቸውን ወይም ጭናቸውን ዳሰው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከተወጋ ቆዳው ሥር ስብ ይጠጥራል፤ ስለማያማቸው እዚያው ይደጋግሙታል፤ እዚያ የገባ ኢንሱሊን ግን ወደ ደም የሚደርሰው እየተንጠባጠበ ነው። ከዚያ ብልቃጡን አንሥተህ ወደ ብርሃን ያዘው። ኩልል ያለው ኢንሱሊን ከደፈረሰ፣ ወይም ደፍራሹ ተጓጉሎ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ተበላሽቷል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለአንድ ወር ገደማ ያገለግላል፤ የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፍበት። ከማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ሥር ተለጥፎ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መልሶ አይሠራም። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ላሉት ማቀዝቀዣ ባይኖር ውጪው በውኃ እየረጠበ ጥላ ሥር የሚቀመጥ የሸክላ ማሰሮ ይረዳል።

መድኃኒቱ ጭራሽ ቆሞም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ስትጠይቅ ድምፅህ ለስለስ ይበል። አንዳንዱ ኪኒኑ ሲያልቅ ልጁን ገንዘብ ላለመጠየቅ ብሎ ዝም ይላል። አንዳንዱ ሽፈራውና አብሽ ይበቃኛል ይላል። አንዳንዱ ጸበል ገብቶ መድኃኒቱን ይተዋል። እምነታቸውን አትንካባቸው። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ አስተምረዋል። ይህን ንገራቸው፤ የንስሐ አባታቸውም ቢነግሯቸው የተሻለ ይሰማሉ።

ስለ ምግብ የምለው አጭር ነው። ማር ስኳር ነው፤ እንጀራም የጤፍ ብቻ ቢሆንም ስኳሩን ከፍ ያደርጋል፤ መጠኑን መቀነስ እንጂ መከልከል አያስፈልግም። የጾም ሰዓታቸውንና የመድኃኒት ሰዓታቸውን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር ያስማሙ።

አሁን የሚያስፈራውን ልንገርህ። ስኳር ከ180 ገደማ ሲያልፍ በሽንት መውጣት ይጀምራል፤ ሲወጣም ውኃ ይዞ ይወጣል። ወጣቱ ይጠማዋል፣ ይጠጣል። ያረጀ ሰው ግን ጥሙ ይደክማል፤ ሌሊት ሽንት ቤት ላለመመላለስም ሆን ብለው ውኃ የሚተዉ እናቶች አሉ። እንዲህ ለቀናት ሲደርቁ ስኳሩ ከ600 ያልፋል፤ ብዙዎቹ መለኪያዎችም ቁጥር ትተው «ሃይ» የሚል ጽሑፍ ያወጣሉ። ከዚያ ይፈዛሉ፣ ንግግራቸው ይዘበራረቃል፣ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋሉ። ድንገት የመጣ መፍዘዝ እርጅና አይደለም። እጃቸውን ታጥበው ሁለት ጊዜ ተለክተው ስኳራቸው ከ300 በላይ ከሆነና ከእሱ ጋር ትውከት፣ ድብታ፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል የአፍ ሽታ ወይም ውኃ መዋጥ አለመቻል ካለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መለኪያ በሌለበት ቤት ቢፈዝዙብህ፣ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ስጣቸው፤ የወረደ ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል፤ በወጣው ላይ ያቺን ያህል ብትጨምር ብዙ አይለውጥም። ከዚያ ወዲያው ወደ ሐኪም።

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፣ በየአራት ሰዓቱ ይለኩ፤ አንተም ወደ ጤና ጣቢያው ደውል። ውኃ ብዙ እንዳይጠጡ የተነገራቸው የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆኑ መጠኑን እዚያው ጠይቅ። ኢንሱሊኑን በግምት እጥፍ አታድርግ፤ «ዛሬ ስላልበሉ ይቅርባቸው» ብለህም ሙሉ በሙሉ አታስቀር፤ ሕመም ባለበት ቀን ሳይበሉም ኢንሱሊን ያስፈልጋቸዋል፤ መጠኑን ሐኪሙ ያስተካክለው። ኪኒን ግን ሌላ ነው፤ ሜትፎርሚን ለሚያስታውክ ሰው፣ ግሊቤንክላማይድም ላልበላ ሰው አደጋ ሊያመጡ ይችላሉና ጠይቀህ ስጥ።

ለቀጠሮ ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትንም ጨምረህ፣ መለኪያውንም በአንድ ፌስታል ይዘህ ሂድ። የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራም ጠይቅ፤ ነገሩ የዚህ ሳምንት ይሁን የቆየ ይለይልሃል። ከዚያም ሐኪሙን «ሲታመሙ ኢንሱሊኑን እንዴት እናድርግ፣ የትኛውን ኪኒን እናቁም፣ ስንት ሲደርስ እንምጣ?» በለው፤ መልሱን በትልልቅ ፊደል ጽፈህ እናትህ በሚያዩት ቦታ ለጥፈው።