በሰው ቁስል የእግዚአብሔርን ፍቅር ለምትለኩ

ልጇን ቀብራ በተመለሰች እናት ጆሮ፣ ገና ሰልስት ሳይወጣ፣ “እስቲ ራስሽን መርምሪ፤ እግዚአብሔር እንዲሁ አይቀጣም” የምትሉ፤ በካንሰር የሚሰቃየውን ወንድም ልትጠይቁ ሄዳችሁ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣችሁ “እምነት ጎድሎህ ነው እንጂ እስካሁን በተነሣህ ነበር” የምትሉ፤ ልጇ አፍ ያልፈታላትን ሴት “ከዘር የመጣ እርግማን አለባት” እያላችሁ የምታሙ፤ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው። ስለ እግዚአብሔር ጠባቂነት የምትመሰክሩ ይመስላችኋል። የምታደርጉት ግን የተመታውን ደግሞ መምታት ነው፤ ያውም በእግዚአብሔር ስም።

እግዚአብሔር የሚያምኑበትን ይጠብቃል። ይህን የምጽፈውም እርሱን አምኜ ነው። ስለ ልዑል ጥላ የሚናገረውን 90ኛውን መዝሙር (በሌላው አቆጣጠር 91ኛውን) ሳይደግሙ የማይተኙ እናቶች ያሳደጉን ሰዎች ነን። መንገድ ስንወጣ፣ ልጅ ሲታመም፣ አገር ሲታወክ አፋችን የሚሮጠው ወደዚያ መዝሙር ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን በወንጌል ውስጥ ይህንኑ መዝሙር ጠቅሶ ሲከራከር የምንሰማው ማንን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሰይጣንን ነው። ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ፣ የእግዚአብሔር ልጅ ከሆነ ራሱን እንዲወረውር፣ መላእክት በእጃቸው እንደሚያነሡትም ነገረው። ክርክሩ ይህ ነበር፦ የተወደደ ሰው አይጎዳም። ጌታም ይህ አባትን መፈታተን ነው ብሎ ከፊቱ መለሰው።

ያ ክርክር በዚያ አላበቃም፤ ተገልብጦ ቀራንዮ ላይ መጣ። የካህናት አለቆች፣ ጻፎችና ሽማግሌዎች ከመስቀሉ ሥር ቆመው፣ በእግዚአብሔር የታመነ ከሆነ፣ እግዚአብሔርም ከወደደው አሁን ያድነው እያሉ ዘበቱበት። የተወደደ አይጎዳም ያለ ሰው፣ የተጎዳውን ሲያይ “አልተወደደም” ማለቱ አይቀርም። እነርሱ ይህን ሲሉ የሰቀሉት፣ በዮርዳኖስ ከሰማይ የምወደው ልጄ ተብሎ የተመሰከረለትን ነው። እንግዲህ በታመመ ሰው ራስጌ ተቀምጣችሁ “እግዚአብሔር ቢወድህ ኖሮ” ብላችሁ ስትጀምሩ፣ የማንን ንግግር እንደምትቀጥሉ እወቁ።

የሐዋርያት ሥራን 12ኛ ምዕራፍ ክፈቱ። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ አስገደለ። ቀጥሎ ጴጥሮስን ይዞ ለዐሥራ ስድስት ወታደሮች አሳልፎ ሰጠ። በሌሊት መልአክ መጣ፤ ሰንሰለቱ ከእጁ ወደቀ፤ ወደ ከተማ የሚያወጣው የብረት መዝጊያ ራሱ ተከፈተ። ገዢው አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም አንዲት ናት። ሁለቱ ሐዋርያትም በደብረ ታቦር ከጌታ ጋር የወጡ፣ በጌቴሴማኒም ለብቻ የተጠሩ ናቸው። አንዱ ታረደ፤ አንዱ ወጣ። ሉቃስ ይህን ሲጽፍ በያዕቆብ ላይ አንዲት ጥፋት አልፈለገም። ከምእመናኑም መካከል ወደ ዘብዴዎስ ቤት ሄዶ “ልጃችሁ ምን በድሎ ነው?” ያለ ሰው አልተጻፈልንም። ጴጥሮስም በማርቆስ እናት በማርያም ቤት ለተሰበሰቡት እንዴት እንደወጣ ነገራቸውና ሄደ። “እኔ ግን እምነት ስለነበረኝ” አላለም። ትውፊታችን እንደሚነግረን ኋላ እርሱም በሮም ቁልቁል ተሰቅሎ ሞተ። ያን ጊዜ እምነቱ በወኅኒው ሌሊት ከነበረው ያነሰ ነበር ብሎ የሚደፍር ማን ነው?

ከእኛ ዘመን አንድ ሌሊት ላንሣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀበረ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። እናቶች ከነልጆቻቸው እዚያ ቀሩ። እንዲህ ያለ መዓት ሲመጣ “ምን ቢሠሩ ነው?” የሚል ድምፅ ከአማኞች መካከል አይጠፋም። ጌታ ግን ይህንኑ ጥያቄ በዘመኑ ሰምቶ መልሶታል። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ እነዚያ ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ በደለኞች ነበሩን ብሎ ራሱ ጠየቀ፤ ራሱም አይደለም አለ። ንስሐ ግቡ ያለው ከግንቡ ሥር ለተቀበሩት አይደለም፤ ቆመው ለሚያወሩት ነው።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም “ኃጢአት ነው” የሚለው መልስ ጨካኝ ብቻ ሳይሆን ሰነፍም ነው። የአንድ ትልቅ ከተማ ቆሻሻ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በአንድ ቦታ ሲከመር ኖረ። ሌላ ቦታ ማግኘት ያልቻለ ድሀ ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀለሰ፤ ከክምሩም ላይ ለቅሞ በላ። ይህን እያየን ያለፍነው እኛ ነን። ሟቾቹን በደለኛ ካደረግን በኋላ ማን እዚያ እንዲኖሩ እንደተዋቸው የሚጠይቅ አይኖርም፤ ከአጠገባቸው በመኪና ሲያልፍ መስኮት ይዘጋ የነበረውም ንጹሕ ሆኖ ቤቱ ይገባል። ደግሞም ያ አካባቢ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲወርድበት የመጀመሪያው አልነበረም። አጠገቡ ያለው ዘነበወርቅ፣ ዛሬ አለርት በምንለው ሆስፒታል ለመታከም ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሰፈሩበት ነው። ብዙዎቹን ከቀያቸው ያስወጣቸው በሽታው ብቻ አልነበረም፤ “የእግዜር ቁጣ ነው” የሚለው የጎረቤት አፍ ነው። በሽታው ከባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒትም የሚድን ሆኖ ተገኘ። የተፈረደባቸው ግን ዕድሜያቸው በስደት አለቀ። ያንን ፍርድ ከፈረዱት መካከል ሄዶ ይቅርታ የጠየቀ ማን ነው?

ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ያቀረቡት ጥያቄም ይኸው ነው፦ እርሱ ነው ኃጢአት የሠራው ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አይደለም አለና ምራቁን በአፈር ለውሶ ወደ ሥራው ገባ። እናንተ ግን አሁንም ከጥያቄው አልወጣችሁም። በየሰፈራችን ኦቲዝም ያለበትን፣ አእምሮው ያላደገለትን ልጅ ጓዳ ቆልፎ የሚያሳድግ ቤት አለ። እናቲቱ ልጇን የምትደብቀው ስለማትወደው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ብትመጣ የሚያያት ዓይን ስለሚፈርድባት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ1994 ዓ.ም. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ሊታገሉ የተነሡት ይህንኑ መደበቅ ጭምር ነበር። እግዚአብሔር በፍቅሩ የሚሸፍነውን ልጅ እናንተ በሐሜታችሁ ከብርሃን አስቀራችሁት።

ደግሞ አንተ፣ ከአደጋ ተርፈህ በጉባኤ ፊት የምትመሰክር ወንድሜ። አመስግን። ከዐሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ በመሆኑ ጌታ አዝኗል፤ ምስጋና ዕዳ ነው። ነገር ግን “መኪናው ውስጥ የነበሩት ሁሉ አለቁ፤ እኔን ግን ስለሚወደኝ አወጣኝ” ስትል፣ የሹፌሩ ሚስት ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሕዝቡ እልል ሲል እርሷ ባሏ እንዳልተወደደ እየተነገራት ነው። እግዚአብሔር አንተን እንዳወጣህ ተናገር፤ ያልወጡትን ለምን እንዳላወጣ ግን አልነገረህም፤ አልተገለጠልህምና በእርሱ ፈንታ አትናገር። መድረኩን የያዝክ አገልጋይም እንዲህ ያለውን ቃል ሰምተህ “አሜን” ብለህ ብታልፍ ስለዚያች ሴት ትጠየቅበታለህ።

ከዚህ የከፋውን የሚሠሩት ጥበቃን የሚሸጡ ናቸው። ለዘይቱ፣ ለውኃው፣ “ዘር ዝራ” ለሚሉት ብር ተቀብለው፣ በሽተኛው ባይድን ጥፋቱን ወደ በሽተኛው ይመልሳሉ። የተበላሸ እህል ሸጦ ሆዱን የታመመውን ገዢ “አበሳሰል አታውቅም” እንደሚል ነጋዴ ናቸው። ገንዘቡን የወሰዱት አንሶ ተስፋውንም ይወስዱበታል።

“መድኃኒት መዋጥ አለማመን ነው” ብለው የኤች አይ ቪን መድኃኒት ያስጣሉ ስንት ሰው ገደሉ! ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ሐዋርያው ጳውሎስን ተመልከቱ። በኤፌሶን ከገላው የተወሰደው ጨርቅ ድውያንን ይፈውስ ነበር። ይኸው ጳውሎስ ባልንጀራውን ጥሮፊሞስን በሚሊጢን ታሞ ትቶት ሄደ፤ ይህንም ሳያፍርበት በመልእክቱ ጻፈው። ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ደጋግሞ ስለሚነሣበት ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው እንጂ እምነቱን አልመረመረም። ራሱም ከሥጋው እሾህ እንዲገላገል ሦስት ጊዜ ለምኖ እሾሁ አልተነሣለትም፤ የተሰጠው ጸጋ ነው። ከጳውሎስ የሚበልጥ እምነት አለኝ የምትል ካለህ ውጣ!

አፋችን ከበዓላችን ጋር እንኳ አይስማማም። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ራሱን እስላማዊ መንግሥት የሚል ቡድን ወንድሞቻችንን ክርስቲያን በመሆናቸው አረደ፤ ተኩሶም ገደለ። አንዳንዶቹ የጨርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ። አገር ሐዘን ተቀመጠ፤ እኛም ሰማዕታት አልናቸው፤ እውነት ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ወደቁ፤ ሐውልታቸው ሥር ቆመን እንኮራለን። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ፤ ዛሬ በአክብሮት እንጠራቸዋለን። ከእነዚህ ስለ አንዱ እንኳ “ጥላው የተነሣበት ምን ቢያደርግ ነው?” የሚል የለም። ታዲያ ለጎረቤታችን፣ በደም ግፊት ለወደቀው፣ ከአረብ አገር አእምሮዋ ታውኮ ለተመለሰችው ልጅ፣ ሚዛኑ ለምን ይለወጣል? እነዚያ ሩቅና ታላቅ ስለሆኑ ነው? ወይስ እነዚህ ቅርብ በመሆናቸው፣ ሸክማቸውን መሸከም ስለሚጠበቅብን፣ ከመሸከም መፍረድ ቀሎን?

ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ከክርስቶስ ፍቅር ሊለዩን የማይችሉትን ሲቆጥር መከራን፣ ረኃብን፣ ራቁትነትን፣ ሰይፍን ጠራ። እነዚህ ወደ አማኝ ደጅ የማይደርሱ ቢሆኑ መቁጠሩ ለምን አስፈለገ? ጌታም በመጨረሻው ሌሊት ለደቀ መዛሙርቱ ሲጸልይ ከዓለም እንዲወጡ አልለመነም፤ ከክፉው እንዲጠበቁ እንጂ። የጥበቃው ጥልቀት ይህ ነው፦ ሞት እንኳ ሲመጣ ከአባት እጅ የሚነጥቅ አይኖርም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ድረስ ተጉዘን ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣውን መልአክ እናከብራለን። ከእሳቱ በፊት ለናቡከደነፆር የመለሱትን ግን እናልፈዋለን። አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም ለምስሉ እንደማይሰግዱ በዚያው ትንፋሽ ጨመሩ። ያ ሁለተኛው ቃል ከሌለበት የመጀመሪያው ገና እምነት አይደለም።

የኢዮብ ሦስት ወዳጆች መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከአጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ከሠሩት ሁሉ የሚሻለው ያ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ስለ እግዚአብሔር ጽድቅ ተከራከሩ፤ ኢዮብንም ኃጢአትህን ተናዘዝ አሉት። ኢዮብ በበኩሉ ጮኸ፤ የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ እግዚአብሔርን ሞገተ። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በጮኸው ላይ አይደለም፤ ጠበቃ ነን ባሉት በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ላይ ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተባሉ። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደዚያው ወደ ከሰሱት ሰው እንዲሄዱ፣ እርሱ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። ምሕረታቸው በቁስለኛው ጸሎት ላይ ተንጠለጠለ።

የእናንተም መንገድ ይኸው ነው። ዕድር ቤት፣ ጽዋ ማኅበር፣ የጸሎት ቡድን ውስጥ የተናገራችሁትን በተናገራችሁበት ቦታ መልሱ። ከዚያም ተነሥታችሁ ወደዚያች እናት፣ ወደዚያ ሕመምተኛ፣ ልጇን ወደምትደብቀው ሴት ቤት ሂዱ። ምክንያት አትደርድሩ፤ ጥቅስ አትጥቀሱ። በድለናችኋል በሉ። ከቻሉ ስለ እናንተ እንዲጸልዩ ለምኗቸው።